አንድ ዓይነት ምት፣ ብዙ ዓለም

ዓይን፣ ጆሮ፣ ቆዳ፣ አፍንጫና ምላስ ወደ አንጎል የሚልኩት መልእክት ሁሉ የሚጻፈው በአንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ምት ነው። አንጎል ከዚህ ውስጥ ቀለምን ከድምፅ፣ የእናትን ፊት ከእንግዳ ፊት እንዴት ይለያል? ይህንን ጽሕፈት ማንበብ የሚማረውስ መቼ ነው? ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ ለሚወለዱ ሕፃናት የዚህ ጥያቄ መልስ የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው።

ካምብሪጅ፣ እንግሊዝ አገር፤ የ1920ዎቹ ማብቂያ ገደማ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክፍሉ ጨለም ብሏል። የፊዚዮሎጂ ሊቁ ኤድጋር አድሪያን በአንዲት ጉርጥ የዓይን ነርቭ ላይ ኤሌክትሮዶች አኑረው፣ ከነርቩ የሚወጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት በማጉያ አሳድገው ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝተውታል። ድምፅ ማጉያው ይንጣጣል፣ ይተዋል፣ ደግሞ ይንጣጣል። ሊቁ ምክንያቱ አልገባቸውም። ድምፁን ከራሳቸው እንቅስቃሴ ጋር ሲያነጻጽሩት ነገሩ ተገለጠላቸው፤ ለካ ጉርጧ እያየቻቸው ነው። ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ዓይኗ ለአንጎሏ ያስታውቃል፤ እሳቸው ደግሞ መልእክቱን ከመንገድ ላይ ጠልፈው በጆሯቸው ይሰማሉ።

መልእክቱ ግን ምንም ሥዕል አልነበረበትም። የሰው ቁመና፣ የልብስ ቀለም፣ የፊት ገጽታ የለም። ያለው እርስ በርሱ የማይለይ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ብቻ ነው። ኤሌክትሮዱ ከቆዳ ወይም ከጆሮ በሚመጣ ነርቭ ላይ ቢቀመጥም የሚሰማው ያው ጠቅታ ነው። ብርሃን፣ ድምፅ፣ ሽታ፣ ጣዕም፣ ሙቀትና ሕመም ሁሉም አንጎል ዘንድ የሚደርሱት ወደዚህ ምት ተለውጠው ነው። አንጎል ራሱ በራስ ቅል ጨለማ ውስጥ ተዘግቶ የሚኖር፣ ብርሃን የሚባል ነገር ደርሶበት የማያውቅ አካል ነው። ታዲያ የምናየው ቀለም፣ የምንሰማው ዜማ ከየት መጣ?

የነርቭ ፊደል

በነርቭ ውስጥ የሚሄደው ነገር ፍጥነቱ እንኳ እንደሚለካ ቀደም ሲልም ይታወቅ ነበር። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ1850 በእንቁራሪት ነርቭ ላይ ለክተው በሰከንድ 30 ሜትር አካባቢ ሆኖ አግኝተውታል። ያልታወቀው መልእክቱ በምን ዓይነት ፊደል እንደሚጻፍ ነበር። አንድ ሰው እጁ ላይ የተጫነው ነገር ቀላል ወይም ከባድ መሆኑን ነርቩ እንዴት አድርጎ ይናገራል?

አድሪያን ከስዊድናዊው ባልደረባቸው ኢንግቬ ዞተርማን ጋር ሆነው በ1926 መልሱን ያገኙት እንደገና ከእንቁራሪት ነው። ጡንቻ ሲሳብ የሚያስታውቅ አንድ የነርቭ ክር ብቻ እስኪቀር ድረስ ሌላውን ቆርጠው ለዩት። ከዚያ ጡንቻው ላይ ክብደት እያንጠለጠሉ ነርቩ የሚለውን መዘገቡ። ክብደቱ ሲጨምር ምቱ አልጎላም፤ ሲቀንስም አልደከመም። እያንዳንዱ ምት ወይ ሙሉ ሆኖ ይመጣል፣ ወይ ጭራሽ አይመጣም። የተለወጠው የምቱ ብዛት ነበር። ክብደቱ ቀላል ሲሆን በሰከንድ ጥቂት ምት፣ ሲከብድ ብዙ ምት። ሌላም ነገር አዩ፤ ያው ክብደት ተንጠልጥሎ ሲቆይ ምቱ ቀስ በቀስ እየሳሳ ይሄዳል። ጠዋት የለበስነው ልብስ፣ ጣታችን ላይ ያለው ቀለበት ቆይቶ የማይሰማን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ነርቭ ከሁሉ በላይ የሚናገረው ለውጥን ነው። አድሪያን በ1932 ከቻርልስ ሸሪንግተን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ምቱ ራሱ ምን እንደሆነ በዝርዝር ያሳዩት ደግሞ አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሀክስሊ ናቸው፤ በ1952። ሶዲየም ወደ ነርቭ ክሩ ዘልቆ ይገባል፣ ተከትሎ ፖታሲየም ይወጣል፤ በዚህ መግባትና መውጣት የአንድ ቮልት አንድ አሥረኛ ያህል የሚሆን የኤሌክትሪክ ለውጥ ክሩን ተከትሎ ይሮጣል። አንዱ ምት አንድ ሺኛ ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ያበቃል።

በገጠር ያደገ ሰው የቤተ ክርስቲያን ደወልን ያስታውስ። ደወሉ አንድ ነው፤ አንዱ ምት ከሌላው አይለይም። ሰሚው ግን ለቅዳሴ ይሁን ለቀብር፣ ወይስ አደጋ ደርሶ ሕዝብ ለመጥራት፣ ከአመታቱ ያውቃል፤ የትኛው ደብር እንደደወለም ከሚመጣበት አቅጣጫ ይለያል። አንጎልም የሚያውቀው በእነዚሁ ሁለት ነገሮች ነው፤ ምቱ እንዴት እንደተመታ እና ከየት እንደመጣ።

ከየት መጣ?

ዓይናችንን ጨፍነን የቆቡን ዳር በጣታችን በቀስታ ብንነካው ብርሃን የመሰለ ክብ ነገር ይታየናል። ብርሃን ግን የለም፤ ያለው የጣት ግፊት ነው። ጀርመናዊው ዮሐንስ ሙለር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ እንዲህ ያሉትን ነገሮች ተመልክተው አንድ ሕግ አወጡ፤ የዓይን ነርቭ በምንም ይቀስቀስ በምን ለአንጎል የሚነግረው ብርሃንን ነው። የጆሮ ነርቭም እንደዚሁ ድምፅን ይናገራል። ትርጉሙን የሚወስነው መልእክቱ የመጣበት መስመር ነው።

ይህንን ሚጥሚጣ የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል። ምላስ ይቃጠላል፤ ላብ ግንባር ላይ ችፍ ይላል። ሆኖም ምላሱ ላይ ቴርሞሜትር ቢቀመጥ ሙቀቱ እምብዛም አልተለወጠም። አሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቻቸው በ1997 ምክንያቱን አገኙ። በነርቭ ጫፍ ላይ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት የሚከፈት የፕሮቲን በር አለ። የበርበሬ ዘር ሁሉ የማቃጠል ኃይሉን የሚያገኝበት ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ያንኑ በር ይከፍታል። በሩ በእሳት ይከፈት በሚጥሚጣ፣ ከዚያ በኋላ በነርቩ የሚሄደው ምት አንድ ነው። ምቱ የሚጓዘው የሙቀትና የሕመም መስመር በሆነው ክር ስለሆነ አንጎል «ተቃጠልኩ» ብሎ ያነበዋል። ሚንት አፍ የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ ዓይነት መንገድ፣ የቅዝቃዜን በር በመክፈት ነው። ጁሊየስ ለዚህ ሥራ በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ለእያንዳንዱ ነገር አንድ መስመር ማዘጋጀት ግን የትም አያደርስም። በዓለም ላይ ያለው ሽታ ስፍር ቁጥር የለውም፤ የሰው አፍንጫ ያለው የሽታ ተቀባይ ደግሞ 400 ዓይነት ያህል ነው። እነዚህን ተቀባዮች የሚሠሩትን ጂኖች በ1991 ያገኙት ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክስል ናቸው። ከተቆላ ቡና የሚነሳው መዓዛ በመቶዎች የሚቆጠሩ ውህዶች አሉበት። አንዱ ውህድ ብዙ ዓይነት ተቀባዮችን ይቀሰቅሳል፤ አንዱ ተቀባይም ለብዙ ውህዶች ይነሳል። ስለዚህ አፍንጫ ውስጥ «የቡና ነርቭ» ተብሎ የተለየ ክር የለም። ቡና ማለት የትኞቹ ተቀባዮች አብረው እንደተነሱ፣ የትኛው በርትቶ የትኛው ደክሞ እንደመታ የሚናገር ድምር ነው። በፊደል ገበታ ላይ ያሉት ጥቂት ፊደላት ተሰድረው የማያልቅ ቃል እንደሚሠሩ፣ 400 ተቀባዮችም ተሰድረው የማያልቅ ሽታ ይሠራሉ።

የዓይን ሥራ ፎቶ ማንሳት አይደለም

በእያንዳንዱ ዓይን ጀርባ ባለው ስስ ሽፋን፣ በሬቲና፣ ላይ ከ100 ሚሊዮን በላይ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አሉ። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄዱት የነርቭ ክሮች ግን አንድ ሚሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው። የተቀበለውን ሁሉ ልላክ ቢል መንገዱ አይበቃውም። ስለዚህ ሬቲና የሚላከውን ከማይላከው ይለያል።

በምን እንደሚለይ በ1953 ያሳዩት በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ስቴፈን ኩፍለር ናቸው። ኩፍለር በድመት ሬቲና ላይ እንዳዩት፣ እያንዳንዱ ላኪ ሕዋስ ከሚታየው ዓለም የምትደርሰው አንዲት ትንሽ ክብ ቦታ አለች። የክቡ መሃል ሲበራ ምቱ የሚጨምር ከሆነ፣ ዙሪያው ሲበራ ይቀንሳል፤ በሌሎቹ ሕዋሳት ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። መሃሉም ዙሪያውም እኩል ከበራ ሁለቱ ይጣፋሉ፤ ሕዋሱም የረባ ነገር አይናገርም። በመሃልና በዙሪያ መካከል ልዩነት ሲኖር ግን ይጮኻል። ከዓይን ወደ አንጎል የሚላከው በዋናነት ይህ ልዩነት ነው። ፀሐይ ላይ ያለ ከሰል፣ ክፍል ውስጥ ካለ ነጭ ወረቀት የበለጠ ብርሃን ወደ ዓይናችን ሊልክ ይችላል። ከሰሉ ግን ጥቁር፣ ወረቀቱም ነጭ ሆኖ ይታየናል፤ ምክንያቱም ዓይን የሚያመዛዝነው እያንዳንዱን ነገር ከአካባቢው ጋር ነው።

ይህ ልዩነት አንጎል ከደረሰ በኋላ ምን ይሆናል? በ1958 በዚያው በባልቲሞር ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች፣ ካናዳ ተወልደው ያደጉት ዴቪድ ሁበልና ስዊድናዊው ቶርስተን ቪዝል፣ ይህን ሊያዩ ተነሱ። ሁበል ራሳቸው በሠሩት ቀጭን የተንግስተን ኤሌክትሮድ በማደንዘዣ ከተኛች ድመት የኋላ አንጎል የአንድ ሕዋስን ምት ያዳምጣሉ። የድመቷ ዓይን ፊት በተለያየ ቦታ ነጥብ ያበራሉ፤ ሕዋሱ ዝም። በመስተዋት ስላይድ ላይ የተለጠፈ ጥቁር ነጥብ ያሳያሉ፤ አሁንም ዝም ነው ማለት ይቻላል። በመጨረሻ ስላይዱን ወደ ማሳያው መሣሪያ ሲያስገቡ ሕዋሱ በድንገት ያለማቋረጥ ይንጣጣ ጀመር። ነጥቡ አልነበረም የቀሰቀሰው። የስላይዱ መስተዋት ጠርዝ የጣለው ስስ ጥላ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ያዘነበለ ቀጥ ያለ መስመር በድመቷ ዓይን ፊት ሲያልፍ ነው ሕዋሱ የተነሳው። መስመሩን ሲያዞሩት ዝም አለ። ወደ ቀድሞው ዝንባሌ ሲመልሱት ደግሞ ተንጣጣ።

ከዚያ ሌሎችን ሕዋሳት መረመሩ። አንዱ ለቆመ መስመር፣ አንዱ ለተጋደመ፣ ሌላው በመካከል ላዘነበለ ይነሳል፤ አንዳንዱ መስመሩ እንዲንቀሳቀስለት፣ ያውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድለት ይፈልጋል። ተመሳሳይ ዝንባሌ የሚወዱ ሕዋሳት ደግሞ ከአንጎል ቅርፊት ላይኛው ክፍል እስከ ታችኛው በአንድ ዓምድ ተደርድረው ይገኛሉ። የዓይን ነርቭ ክብ በክብ የከፋፈለውን ዓለም አንጎል በመስመር መልሶ መገጣጠም እንደሚጀምር በዚህ ታወቀ። ሁለቱ ሰዎች በ1981 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ከመስመር እስከ ፊት

ከዚህ አንድ ደረጃ እየወጣን ስንሄድ ሕዋሳቱ የሚፈልጉት ነገር እየረቀቀ ይሄዳል። ቻርልስ ግሮስና ባልደረቦቻቸው በ1972 ባወጡት ጥናት፣ በጦጣ አንጎል የጎን ክፍል ለእጅ ቅርጽ ከሌላው ነገር ሁሉ በላይ የሚነሳ ሕዋስ ማግኘታቸውን ገለጹ። ቆይቶም ለፊት የሚነሱ ሕዋሳት ተገኙ። በ2005 ደግሞ ሮድሪጎ ኪያን ኪሮጋና ባልደረቦቻቸው በሎስ አንጀለስ ሆስፒታል ውስጥ ለሚጥል በሽታ ሕክምና ሲባል አንጎላቸው ውስጥ ኤሌክትሮድ የገባላቸውን ሕሙማን ፈቃድ ጠይቀው ፎቶ አሳዩአቸው። የአንዱ ሰው አንድ ሕዋስ የተዋናይት ጄኒፈር አኒስተንን የተለያዩ ፎቶዎች ባየ ቁጥር ይነሳ ነበር። የሌላው ሰው ሕዋስ ደግሞ ለተዋናይት ሃሊ ቤሪ ፎቶ፣ ስሟ ተጽፎ ሲታይም ጭምር ተነሳ።

ይህ ማለት ግን እያንዳንዱን የምናውቀውን ሰው የሚጠብቅ አንድ ሕዋስ አለን ማለት አይደለም። ያ ሕዋስ የተገኘው ማየት ከማስታወስ ጋር በሚገናኝበት የአንጎል ክፍል ነው፤ ተመራማሪዎቹም ብቻውን እንዳልሆነ ተናግረዋል። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉት። አንድ ፊት የሚወከለው ከእነዚህ ውስጥ አብረው በሚነሱ ብዙ ሕዋሳት ነው፤ አንዱ ሕዋስ ቢሞት የእናታችን መልክ አብሮ አይጠፋም። የቡናውን መዓዛ የሠራው የድምር ሥርዓት እዚህም ይሠራል።

ዓይኑ ጤነኛ ሆኖ አለማየት

እስከዚህ ያየነው ሥርዓት እንደ ልብ ትርታ ከውልደት ጀምሮ የተዘጋጀ ነው ወይስ የሚማሩት? ሁበልና ቪዝል ይህንንም ጠየቁ። በ1963 ባወጡት ሥራቸው የአንዲት ገና የተወለደች የድመት ግልገል የአንድ ዓይን ቆብ ተሰፍቶ ለጥቂት ወራት ይዘጋል፤ ከዚያ ይከፈታል። ዓይኑ ጤነኛ ነው። ሬቲናው ለብርሃን ይነሳል። ነገር ግን ከአንጎል ቅርፊት ውስጥ ያንን ዓይን የሚሰማ ሕዋስ የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም ክፍት ሆኖ የቆየውን ዓይን ይሰማሉ። ግልገሏ በዚያ ዓይን ብቻ እንድታይ ስትደረግ እንደ ዕውር ትሆናለች። ያደገች ድመት ዓይን ለረጅም ጊዜ ቢዘጋ ግን እንዲህ ያለ ጉዳት አይደርስም።

ሁለቱም ዓይኖች ቢዘጉስ? ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ሆኖም ያልተጠበቀ ነገር ታየ፤ ከአንጎል ሕዋሳት ብዙዎቹ ለሁለቱም ዓይኖች መነሳታቸውን ቀጠሉ፣ ምንም እንኳ ብዙዎቹ እንደ ጤነኛ ባይሆኑም። ስለዚህ አንዱን ዓይን ያደኸየው መዘጋቱ ብቻ አልነበረም፤ ክፍት የነበረው ዓይን ቦታውን ስለወሰደበት ነው። ምቶቹ አንጎል ውስጥ ለቦታ ይሻማሉ። ሽሚያው የሚካሄድበት ጊዜ ደግሞ የተወሰነ ነው፤ በድመት ከአራተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር።

ይህ ዕውቀት በእንስሳት ሥቃይ የተገኘ ነው። የሚክሰው ነገር ካለ ለሕፃናት ያስገኘው ለውጥ ነው። አንድ ዓይኑ የደከመበትን ሕፃን ጠንካራውን ዓይን ለጊዜው በመሸፈን ማከም ለምን እንደሚሠራ በዚህ ተብራራ። ሲወለዱ ጀምሮ ዓይናቸው ሞራ የጋረደው ሕፃናትም እስኪያድጉ መጠበቅ እንደሌለባቸው ተረጋገጠ። ዛሬ የዓይን ሐኪሞች ሁለቱንም ዓይን ጥቅጥቅ ያለ ሞራ የጋረደውን ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ገደማ ውስጥ ለማከም ይጥራሉ።

የጆሮ ታሪክም ከዚህ ጋር ይገጥማል። በውስጠኛው ጆሮ በቀንድ አውጣ ቅርጽ በተጠመጠመው ኮክሊያ ላይ ቀጭን ድምፅ መግቢያው አካባቢ፣ ወፍራም ድምፅ ጫፉ ላይ ይነበባል። ጆርጅ ፎን ቤኬሺ ድምፅ በኮክሊያ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ በማሳየታቸው የ1961 ኖቤል ተሸልመዋል። የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት ከቦታ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ቦታውን በኤሌክትሪክ በመንካት ድምፅ ማሰማት ይቻላል ማለት ነው። አውስትራሊያዊው ግሬም ክላርክ በ1978 በሜልበርን ብዙ ኤሌክትሮዶች ያሉትን መሣሪያ በሰው ጆሮ ውስጥ አስገቡ። አንድ ጤነኛ ጆሮ 3,500 ያህል ዋና ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አሉት፤ ዛሬ በብዛት የሚገቡት መሣሪያዎች ያላቸው ከ12 እስከ 22 ኤሌክትሮድ ነው። በዚህ ቁንጽል ምት ብዙ ሰዎች ንግግር ይሰማሉ፣ በስልክም ያወራሉ። መስማት ሳይችሉ የተወለዱ ሕፃናት ግን መሣሪያው በመጀመሪያዎቹ የዕድሜ ዓመታት ሲገባላቸውና ዘግይቶ ሲገባላቸው ውጤቱ በጣም ይለያያል። አንጎል ቁንጽሉን መልእክት ማንበብ የሚችለው ንባቡን በጊዜው ከጀመረ ነው።

ከሐዋሳ የመጣው ማስረጃ

በ1688 አየርላንዳዊው ዊሊያም ሞሊኑ ለፈላስፋው ጆን ሎክ አንድ ጥያቄ ጻፉ። ከልደቱ ጀምሮ ዕውር የሆነ ሰው ኳስ መሰል ነገርንና ሣጥን መሰል ነገርን በእጁ ዳስሶ መለየትን ለምዷል እንበል። ይህ ሰው ድንገት ዓይኑ ቢበራ፣ ሳይነካ በዓይኑ ብቻ የትኛው የትኛው እንደሆነ ያውቃል? ጥያቄው ከ300 ዓመት በላይ ፈላስፎችን ሲያከራክር ኖረ። በ2011 ፓዋን ሲንሃና ባልደረቦቻቸው ሕንድ ውስጥ ዘግይተው የታከሙ አምስት ልጆችን ፈትነው ውጤቱን አወጡ። ልጆቹ የዳሰሱትን ነገር በማየት ወዲያው መለየት አልቻሉም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን ተሻሻሉ።

ይህ ጥያቄ በአገራችንም በጥልቀት ተመርምሯል። በኢየሩሳሌም ከሚገኘው ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ኢሁድ ዞሃሪና አየለት ማኪተን፣ ከዓይን ሐኪሙ ኢታይ ቤን ጽዮንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በሐዋሳ የታከሙ ኢትዮጵያውያን ልጆችን አጥንተዋል። ልጆቹ በሕፃንነታቸው ሁለቱም ዓይኖቻቸው በጥቅጥቅ ሞራ ተጋርደው፣ ቀዶ ሕክምና ያገኙት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ2015 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል። ልጆቹ ከብዙ ምስሎች መካከል በቀለም፣ በመጠን ወይም በቅርጽ የተለየውን አንዱን መለየት በፍጥነት ተማሩ። ምስሉ ግምት የሚጠይቅ ሲሆን ግን ተቸገሩ። የጥላ አጣጣሉን አይቶ አንድ ነገር ወደ ውጭ የተነፋ ነው ወይስ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ብሎ መለየት፣ ከፊቱ ሌላ ነገር የከለለውን ቅርጽ በሐሳብ መሙላት፣ ያልተሰመረን መስመር ከአካባቢው መገመት አብዛኞቹ አልቻሉም። ከሕክምናው በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስም ለውጡ ትንሽ ነበር።

ይህንን ከድመቷ ሕዋሳት ጋር አያይዘን ስናየው ነገሩ ይበራልናል። ከዓይን የሚመጣው ምት ጠፍጣፋ ነው፤ ከፍታና ጥልቀት፣ ፊትና ኋላ የለበትም። እነዚህን የሚጨምረው አንጎል ነው፤ ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ከላይ እንደሚመጣ፣ የተከለለ ነገር ከከለለው ጀርባ እንደሚቀጥል ካየው ተነስቶ ይገምታል። ግምቱ የሚገነባው በሕፃንነት በሚታየው ዓለም ነው። ያን ጊዜ ዓለም ካልታየ፣ ሞራው ሲነሳ ምቱ ይደርሳል፤ ምቱን የሚተረጉመው ግምት ግን አልተሠራም። የአንጎል የማየት ክፍልም ሥራ ፈትቶ አይጠብቅም። በሕፃንነታቸው ዓይናቸውን ያጡ ሰዎች ብሬይል በጣታቸው ሲያነቡ ያ የአንጎል ክፍል ሲሠራ በ1996 ታይቷል።

የሐዋሳው ጥናት ግን ተስፋንም አምጥቷል። የጀርመኑ ኡልም ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበትና በ2021 የታተመ ሌላ ሥራ፣ እነዚህን መሰል ልጆች የአንድን ነገር መጠን ሲገምቱ ዳሰሳንና ማየትን አንድ ላይ ማጣመር ይችሉ እንደሆነ ፈተነ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በነበሩት ወራት ውስጥ ልጆቹ ሁለቱን ስሜቶች ልክ ማየት ከሚችሉ እኩዮቻቸው ጋር በሚመሳሰል መንገድ አጣመሩ። ስለዚህ በሩ ለሁሉም ነገር በአንድ ቀን አይዘጋም። ጥላንና ከፍታን ለማንበብ ቶሎ ይዘጋል፤ እጅንና ዓይንን ማስተባበር ግን ዘግይቶም ይማሩታል። ዘግይቶ የመጣ ልጅም መታከም አለበት፤ ቀድሞ ቢመጣ ደግሞ የሚያገኘው እጅግ ይበልጣል።

ለሕፃን ጊዜ መድኃኒት ነው

በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ሥውር መሆኑን፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል። አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው። አንዲት አያት ለዓመታት በሞራ ምክንያት ሳያዩ ኖረው ሲታከሙ፣ ፋሻው በተነሳ ማግሥት የልጆቻቸውን ፊት ይለያሉ። አንጎላቸው ማየትን የተማረው ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ስለሆነ ምቱ ሲመለስ ንባቡ ይመለሳል። ይህን ያየ ቤተሰብ ሞራ ይዞት የተወለደውን ሕፃን «ጠንከር ይበልና ይታከማል» ቢል አይፈረድበትም። ሕፃኑ ግን ከአያቱ ጋር አንድ አይደለም። እሳቸው የጎደላቸው ብርሃን ብቻ ነው፤ እሱ የሚጎድለው ብርሃኑም ማንበቡም ነው። ስለዚህ ለአያት ወረፋ መጠበቅ ችግር ሲሆን፣ ለሕፃን ወረፋ መጠበቅ ዕድሜ ልክ የማይመለስ ኪሳራ ሊሆን ይችላል።

ምልክቶቹን ማየት የዓይን ሐኪም መሆንን አይጠይቅም። የሕፃኑ ብሌን ላይ ነጭ ነገር ከታየ፣ ዓይኖቹ ያለማቋረጥ የሚዋልሉ ከሆነ፣ ሁለትና ሦስት ወር ሞልቶት የእናቱን ፊት በዓይኑ የማይከተል ከሆነ ወደ ዓይን ሐኪም መወሰድ አለበት። ነጩ ነገር አንዳንድ ጊዜ ሞራ ሳይሆን የዓይን ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ሕይወትን የሚያሰጋ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላም ሥራው አያበቃም፤ መነጽር፣ ዓይን መሸፈንና ክትትል ካልታከሉበት ንጹሕ ምት ወደ አንጎል አይደርስም።

ሳይንሱ ይህን መመሪያ ለማግኘት ከጉርጥ ዓይን ተነስቶ ረጅም መንገድ ሄዷል። ከእንግዲህ የሚቀረው የእኛ ሥራ ነው። አዋላጆች በወሊድ ክፍል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ፣ የክትባት ባለሙያዎች ሕፃን በተቀበሉ ቁጥር ዓይኑን ይዩ። የጤና ተቋማት ለእነዚህ ሕፃናት ከአረጋውያኑ የተለየ የቅድሚያ መንገድ ይክፈቱ። ቤተሰብም ነጭ ብሌን ያየበትን ሕፃን ወር እስኪሞላው፣ ክርስትና እስኪነሳ፣ መኸር እስኪሰበሰብ አያቆይ፤ በዚያው ሳምንት ይዞት ይሂድ።